በራችን ላይ ስለተለጠፈው የሐራጅ ማስታወቂያ የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.
ቡራዩ

ለክብርት ወይዘሮ ሰብለወርቅ
በባንኩ ቅርንጫፍ የብድር ማስመለስ ክፍል ኃላፊ
ቡራዩ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንዲበረታ፣ ቤተሰብዎ በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ፣ የቢሮዎም መስታወት በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሐል ሳይሰነጠቅ እንዲቆይ የዘወትር ጸሎቴ ነው። እኔና የሰባት ዓመት ልጄ ማርቲ፣ እርስዎ ባስለጠፉት ወረቀት ሥር እየገባንና እየወጣን፣ እስከ ኅዳር 22 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ድረስ ደኅና ነን። ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለሚኖረን ጤንነት ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ አላደክምዎትም።

ደብዳቤዬን በግልጽ በመጻፌ ቅር እንዳይልዎት እለምናለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደብዳቤዎች በፖስታ አሽጌ በመዝገብ ቤትዎ በኩል አስገብቼ ነበር። ታሽጎ የገባ ታሽጎ እንደሚቀመጥ ስለተረዳሁ፣ ይህን አራተኛውን በከድሩ ሱቅ ግድግዳ ላይ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ እንዲያነበው ለጥፌዋለሁ። የባንክዎን ስም አልጠራሁም፤ የሰው ስም በአደባባይ መለጠፍ ምን እንደሚያስከትል ከበራችን ተምሬአለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ጣቢታ እባላለሁ። ከሆሳዕና መጥቼ በሰበታ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የተሰነጠቀውን ጀሪካን ከደኅናው መለየት ነበር፤ ስለዚህ ስንጥቅ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ጠባዬ ለሙሴም አልተመቸውም። ሙሴ የልጄ አባት ነው፤ በሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። በ2004 ዓ.ም. ሁለታችን ፈርመን ከባንክዎ በመበደር ይህንን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ገዛን፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ሱሉልታ ሄደ። ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝርም፤ የትኛውም ክፍል ሊያስመልሰው የሚችል ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ በርስዎና በመሥሪያ ቤትዎ የተደረገልኝን ሁሉ፣ ውለታ ቢስ እንዳልባል፣ በተራ ቁጥር አስቀምጬ አመሰግናለሁ።

1ኛ. ብድሩን ስንጠይቅ ባንክዎ ላሳየን ቸርነት አመሰግናለሁ። እኔና ሙሴ የተጋባነው በቤተ ክርስቲያናችን፣ በምእመናን ፊት ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደን አልተመዘገብንም። እግዚአብሔርና ሁለት መቶ ሰው ያየው ጋብቻ ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል ብለን አላሰብንም ነበር። የብድር ሠራተኛዎ የጋብቻ ወረቀት ሲጠይቀን ደንግጠን ተያየን፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ የወንጌላዊው ደብዳቤ ማኅተም ካለበት ይበቃል አለን። በማግስቱ አመጣን። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም፤ እነዚህ ሁለት ወጣቶች በፊታችን ተጋብተዋል ይላል። ባንክዎ በዚያች ቁራጭ ወረቀት ሃያ ዓመት አሰረን፤ እንዲህ ዓይነት እምነት በእስራኤልም አልተገኘም።

2ኛ. በመጋቢት 2007 ዓ.ም.፣ አንድም ወር ሳይወዘፍ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ተለያይተናል፣ ብድሩ በእኔ ስም ይሁንልኝና ጊዜው ረዝሞ ብቻዬን ልክፈል ብዬ ስለምን፣ እርስዎ እጄን ይዘው፣ እኔም ሴት ነኝ፣ ይገባኛል ብለውኝ ነበር። ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከገባዎት በኋላ፣ ወይ ሁለታችሁም ኑና ፈርሙ፣ ወይ የፍቺ ውሳኔ አምጪ አሉኝ። ሙሴ ስልክ አያነሳም ነበር፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ በትሕትና፣ ከመፋታትሽ በፊት መጋባትሽን አስረጂ አለኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ፣ የጋብቻ ደብዳቤ ለአንድ ጋብቻ አንዴ ነው የምንሰጠው፣ እናንተ ደግሞ በሽምግልና ላይ ናችሁ፣ ተለያይተዋል ብለን በማኅተም መዋሸት አንችልም አሉኝ። ያ ደብዳቤ ያለው በእናንተ ፋይል ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ቅጂውን ስጡኝና ለፍርድ ቤት ላሳይ ብዬ ተመልሼ መጣሁ። ከፋይል ሰነድ የሚወጣው ሁለቱም ተበዳሪዎች ሲፈርሙ ነው አሉኝ።

ክብርት ሆይ፣ በፋብሪካችን አንድ ማሽን እንዲህ ዓይነት ነገር ቢሠራ ኖሮ ሞተሩን አጥፍተን መካኒክ እንጠራ ነበር። የርስዎ ግን እስከ ዛሬ ያለ እረፍት እየሠራ ነው፤ ለብርታቱ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

3ኛ. ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ያደረጉልን ነገር ቢኖር ክፍያውን እኩል ለሁለት ማካፈል ነው። እኔ ድርሻዬን በየወሩ ደመወዝ በገባ በማግስቱ አስገባ ነበር። ሙሴም እስከ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ከፈለ። ከዚያ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተነሣና በሱሉልታ ግንባታው ቆመ፣ እሱም መክፈሉን አቆመ፤ ለእኔ አልነገረኝም። ግማሼን ይዤ መስኮቱ ጋ ስመጣ ገንዘብ ተቀባይዎ ፈገግ ብላ ትቀበለኝ ነበር። የእኔ ግማሽ ለዕዳው ሳይሆን ለሙሴ ግማሽ መዘግየት ቅጣት እየዋለ መሆኑን አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነግረኝ መቆየቱ፣ ልቤ እንዳይሰበር ታስቦ መሆኑን ዘግይቼ ተረድቻለሁ።

በዚህ ዓመት መስከረም መጨረሻ ፋብሪካችን ተቃጠለ። ያን ቀን ከሰበታ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የጎማ ጭስ ነበር፤ ማርቲ ያለችበትን አላውቅም ነበር። ያገኘኋት ጎረቤቴ ኦቦ ጃራ ቤት፣ ከልጅ ልጆቻቸው መሐል ተኝታ ነው። እሳቸው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሃ ጠጪ ብለው ጣሳውን ሰጡኝ። በማግስቱ ሥራ አልነበረኝም። ቅርንጫፍዎም መስታወቱን በብረት ጋርዶ ለስምንት ቀን ተዘጋ፤ በነዚያ ስምንት ቀናት ልክፈል ብል እንኳ የሚቀበለኝ አልነበረም። ሆኖም ጥበቃው ሲሸሽ፣ ሠራተኛው ሲበተን፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ቅጣቱ ብቻ አንድ ቀን ሳይቀር በሥራ ገበታው ላይ መገኘቱን የሒሳብ መግለጫዬ ያሳያል። በአገራችን እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ካለ ይሸለም እላለሁ።

4ኛ. አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ ሙሴ ብቻ ነበር።

5ኛ. ጥቅምት 22 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሠራተኞችዎን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አንደኛው ገማች ነው፤ ሜትር ይዟል። ሁለተኛው ወረቀትና የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዟል። እኔ ሥራ ፍለጋ ለመውጣት ጫማዬን ሳስር ነበር። ወረቀቱን በራችን ላይ ለጠፉት፤ ቤታችን በሐራጅ እንደሚሸጥ ያወቅሁት ያን ጊዜ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር እኩል፣ ቆሜ ሳነብ ነው። ከወረቀቱ አጠገብ የሐራጁን ቁጥር በቀይ ቀለም በትልቁ ጻፉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ ተጫራቾች ቤቱን እንዳያጡት ነው አሉኝ።

እርስዎ የሚኖሩት ሌላ አገር ካልሆነ በቀር፣ በዚህ ሰሞን ቡራዩ ውስጥ በር ላይ ቀይ ቀለም ማየት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። እስከ ቀትር ድረስ የሰፈሩ ሰው ለሦስት ተከፍሎ ነበር። አንዳንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ሊያፈርስ ነው አለ። አንዳንዱ ፕላኑ ቀረ የተባለው ውሸት ነው፣ ይኸው ከዚህ ቤት ጀመሩ አለ። ሌላው ምንም ሳይናገር ልጆቹን ከበራችን ፊት ሰብስቦ አስገባ። ከሦስቱም የፈራሁት ይህንን ዝም ያለውን ነው። ከምሽቱ በፊት ከጎን ያሉት ሁለት ቤቶች በራቸውን አዲስ ቀለም ቀቡ፤ ቀለሙ ከእኛ እንዳይዛመትባቸው ይመስል።

ገማችዎ ግን ይህ ሁሉ ሳይሆን፣ ያን ጠዋት ባለ ቀለሙ ጨርሶ እንደሄደ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ኦቦ ጃራ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያዩታል። ክብርት ሆይ፣ ቤታችን የተሠራበት መሬት የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ከዓመታት በፊት እንዲሁ ሜትር የያዘ ሰው መጥቶ ለካ፣ ከሳምንት በኋላ ማሳው የሳቸው መሆኑ ቀረ። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ሜትር ሲዘረጋ ሰው ወሬ አይጠይቅም፤ ድንጋይ ይፈልጋል። ወጣቶቹ ከታችኛው መንገድ እየሮጡ መጡ፤ ሃያ ይሆናሉ። ገማችዎ በእኔ የውሃ በርሜል ጀርባ ተቀመጠ። በሩ ላይ ቆሜ የባንክ ሰው ነው፣ የኔ ዕዳ ነው፣ የማንንም መሬት አይለካም ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄን የሰማ የለም። ኦቦ ጃራ በዝግታ መጥተው ከፊቴ ቆሙና፣ ኢጆሌ፣ ዲሳ፣ ልጆች፣ ተዉት አሉ። ሁለት ጊዜ አላሉም። ልጆቹ ድንጋያቸውን ይዘው ቆሙ እንጂ አልጣሉትም፤ ገማችዎ በመካከላቸው አልፎ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ቤቴን ሊገምት የመጣውን ሰው እኔና ኦቦ ጃራ ቆመን አትርፈነዋል። የሰጠው ግምት በማስተር ፕላኑ ወሬ ሰሞን ባንክዎ ራሱ ከገመተው በግማሽ ያነሰ መሆኑን ስሰማ፣ ደንግጦ ስለነበር ሁለተኛውን ክፍል ሳይለካ እንደቀረ ገመትኩ። ቂም አልያዝኩበትም። ሜትሩን ጥሎ ሄዷል፤ ደረሰኝ ፈርሞ ሊወስድ ይችላል። አንድ ፊርማ ይበቃኛል።

6ኛ. በማግስቱ ሱሉልታ ሄድኩ። ሙሴን ባልተጨረሰ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አገኘሁት፤ ከስቷል። ለምን አልነገርከኝም ስለው ከፍራሹ ሥር አምስት ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። አምስቱም የባንክዎ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው፤ አምስቱም አልተከፈቱም። ለካ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሙሴ ብቻውን ወደ ቅርንጫፍዎ መጥቶ የመጻጻፊያ አድራሻ ቀይሮ ነበር፤ የሁለታችንንም፣ ወደ ሱሉልታ፣ በአንድ ፊርማ። እኔ የራሴን የጋብቻ ወረቀት ቅጂ ለማየት ሁለት ፊርማ ተጠየቅሁ፤ የምኖርበት ቤት እንደሚሸጥ የሚነግረኝን ደብዳቤ ከከተማ ወደ ከተማ ለማሻገር ግን የአንድ ሰው እጅ በቃ። መመሪያዎትን ስንጥቅ ፍለጋ ገልብጬ አየሁት፤ ይኸኛው ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነው።

ሙሴ ለምን እንዳልከፈታቸው ስጠይቀው፣ ይሸጥና ድርሻችንን እንካፈል ብዬ ነው አለኝ። ሐራጅ ማለት እንደ በግ ሽያጭ መስሎት ነበር፤ ይሸጣል፣ ሁለታችን ኪሳችንን ሞልተን እንሄዳለን። ሦስተኛውን ፖስታ ከፍቼ አነበብኩለት፤ ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ከሁለቱም ተበዳሪዎች በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም ከአንዳቸው ብቻም ቢሆን ሙሉው፣ ይጠየቃል ይላል። እንደገና አንብቢው አለኝ። አነበብኩለት። ብሎኬት ላይ ተቀመጠና ስለ ማርቲ ጠየቀኝ። ልሰድበው ሄጄ ነበር፤ አዘንኩለት፤ በማዘኔም ተናደድኩ።

7ኛ. ኅዳር 5 ቀን እኔና ሙሴ አብረን ቢሮዎ መጣን። ከሁለት ዓመት ወዲህ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው። እርስዎ የጠየቁኝን ሁለት ፊርማ፣ በሁለት እስክሪብቶ፣ በሦስት ቅጂ ይዘን ነበር። ሙሴ ድርሻውን ለእኔ ሊተው፣ እኔ ውዝፉን በሥራ ስንብት ገንዘቤ ልጀምር፣ ቀሪውን ጊዜው ረዝሞ ልከፍል ተስማምተን ነበር። እርስዎ ወረቀቱን በጥሞና አንብበው፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ጉዳዩ ከእኔ ጠረጴዛ ወጥቶ ለሐራጅ ኮሚቴ ተላልፏል አሉን። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ስንልዎት፣ ሰብሳቢዋ እርስዎ እንደሆኑና የአገሩ ሁኔታ እስኪረጋጋ ስብሰባ እንደማይጠሩ ነገሩን። ሐራጁ ግን ባልተረጋጋው አገር፣ በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት፣ በራችን ላይ ይካሄዳል። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በተከለከለበት በዚህ ጊዜ ለተጫራቾችዎ ፈቃድ አውጥተው እንደሆነ ለደኅንነታቸው ስል እጠይቃለሁ።

አብረን አግዳሚ ወንበር ላይ መታየታችንን የሰሙት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በበኩላቸው ሽምግልናው ፍሬ አፍርቷል ብለው እሑድ ዕለት አመስግነዋል።

ክብርት ሆይ፣ ቀልዴን እዚህ ላይ ላቁም። ስድብ አልጻፍኩም፤ ዕዳውንም አልካድኩም። የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሐራጁን ለሦስት ወር ያቆዩልኝ፤ የፈረምነውን ወረቀትም ከመሳቢያዎ አውጥተው ኮሚቴዎት ፊት ያስቀምጡት። ልጄ የምታውቀው ይህንን ቤት ብቻ ነው። ከዚህ ብወጣ በራቸው ላይ ቀይ ቀለም የነበረባቸውን ሰዎች ማን እንደሚያከራይ አላውቅም። ሆሳዕና እንዳልመለስ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ማታ ማርቲ ቁጥሩ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ የቤት ቁጥራችን ነው ብዬአት ነበር፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ስለ ሴትነትዎም ጭምር እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎት፣ ቀይ ቀለምዎም እንዳያልቅ ከልብ እመኛለሁ።

ፍርድ ቤት ያላገባች የሚላት፣ ቤተ ክርስቲያን ያልተለየች የምትላት፣ በርስዎ ፋይል ውስጥ ግን ከባሏ ጋር በአንድ አድራሻ ሱሉልታ የምትኖረው፣

አክባሪዎ
ጣቢታ ኤርሱሞ

ግልባጭ
ለሐራጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ (እርስዎ ነዎት)
ለወንጌላዊውና ለሽማግሌዎች
ለሙሴ፣ በዚህ ጊዜ ተከፍቶ የተላከ

ማሳሰቢያ፦ የሰፈራችን እድር ትናንት ተሰብስቦ፣ ኅዳር 22 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ትልቁ ድንኳን በራችን ፊት ለፊት እንዲተከል ወስኗል። ሐሳቡን ያመጡት ሊቀ መንበሩ ኦቦ ጃራ ናቸው፤ ማሳቸው የተወሰደ ቀን ሰው ሁሉ በየቤቱ ተቀምጦ እንደነበረ ለጉባኤው አስታውሰው፣ ሁለተኛ እንዲህ አይሁን አሉ። ለቅሶ ፈቃድ እንደማይጠየቅበት ከቀበሌ አረጋግጠናል። ተጫራቾችዎም ቢመጡ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ወንበርና ንፍሮ ይቀርብላቸዋል፤ ዋጋ የሚጠሩት ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ በተቀመጠበት መሐል ቆመው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል። በደንባችን መሠረት ድንኳን ሲወጣ የሟች ስም በመዝገብ መስፈር አለበት። ጸሐፊያችን ከድሩ ብዙ ካሰበ በኋላ ቦታውን ባዶ ትቶታል፤ አራት ሰዓት ሲያልፍ ማን እንደሞተ አይቶ ይሞላዋል።